በዓሉ ግርማ

በዓሉ ግርማ (መስከረም 1932 ዓ.ም. ሱጴ፣ ኢሉባቦር – የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. የተሰወረበት ቀን) ኢትዮጵያዊ ጋዜጠኛ፣ የመንግሥት ባለሥልጣንና የረጅም ልቦለድ ደራሲ ነበረ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የበርካታ ጋዜጦችና መጽሔቶች ዋና አዘጋጅ ሆኖ ሠርቷል። በደርግ ዘመን ደግሞ የማስታወቂያና መርሐ ብሔር ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ነበረ። ከ1962 እስከ 1975 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ስድስት ልቦለዶችን ያሳተመ ሲሆን ከእነዚህ መካከል «ከአድማስ ባሻገር» እና «ኦሮማይ» በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ትልቅ ስፍራ አላቸው። «ኦሮማይ» በታተመ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም ከሥራው ተባረረ። ከጥቂት ወራት በኋላ ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ልደትና አስተዳደግ

በዓሉ የተወለደው በቀድሞው ኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ሱጴ በተባለ ስፍራ ነው። አባቱ ከሕንድ አገር ከጉጃራት የመጣ ጂምናዳስ የሚባል ነጋዴ ሲሆን እናቱ የአካባቢው ተወላጅ ናት። በወላጅ አባቱ ስም አልተጠራም፤ ግርማ የሚለው ስም በልጅነቱ ካሳደጉት ሰው የመጣ ነው።

በዚያን ጊዜ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ በኢሉባቦር መገኘቱ እንግዳ ነገር አልነበረም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና ከጎሬ ወደ ጋምቤላ ይወርድ፣ ከዚያም በባሮ ወንዝ በጀልባ ወደ ሱዳን ይሻገር ነበር። በዚህ የንግድ መስመር የሕንድ፣ የግሪክና የሌሎች አገሮች ነጋዴዎች ሱቅና መጋዘን ከፍተው ይሠሩ ነበር። የበዓሉ አባትም ከእነዚህ ነጋዴዎች አንዱ ነበር። በዓሉ ልጅነቱን ያሳለፈበት የሱጴ አካባቢ በኋላ «ሐዲስ» ለተባለው ልቦለዱ መቼት ሆኗል።

ትምህርት

በዓሉ አሥር ዓመት ያህል ሲሆነው ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ መጣ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን በልዕልት ዘነበወርቅ ትምህርት ቤት ተማረ። በትምህርቱ ጎበዝ ስለነበረ ወደ ጄኔራል ዊንጌት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል አገኘ። ዊንጌት በ1938 ዓ.ም. በእንግሊዞች ድጋፍ የተከፈተ አዳሪ ትምህርት ቤት ሲሆን ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ተማሪዎችን ይቀበል ነበር። በዓሉ የጽሑፍ ፍቅር ያደረበት በዚሁ ትምህርት ቤት እንደሆነ ይነገራል።

ከዚያ በኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገባ። ኮሌጁ በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ሲሰየም በዓሉም በዚሁ ዓመት በፖለቲካ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪውን አገኘ። ተማሪ ሳለ በእንግሊዝኛ የሚታተመው የተማሪዎች ጋዜጣ አዘጋጅ ሆኖ ሠርቷል። ቀጥሎም ወደ አሜሪካ ሄዶ በሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቱን በፖለቲካ ሳይንስና በጋዜጠኝነት ተከታተለ። እነዚህ ሁለት ሙያዎች፣ ማለትም የመንግሥትን አሠራር ማጥናትና ዜና መጻፍ፣ በኋላ በልቦለዶቹ ውስጥ አብረው ይታያሉ።

የጋዜጠኝነት ሥራ

ከአሜሪካ ሲመለስ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ተቀጠረ። በየጊዜው በዋና አዘጋጅነት ከሠራባቸው ኅትመቶች መካከል የሚከተሉት ይገኛሉ፦

– መነን መጽሔት
– አዲስ ሪፖርተር፣ በእንግሊዝኛ ይታተም የነበረ ሳምንታዊ መጽሔት
– አዲስ ዘመን፣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው የአማርኛ ጋዜጣ
– ኢትዮጵያን ሄራልድ፣ ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው የእንግሊዝኛ ጋዜጣ

ሁሉም የመንግሥት ኅትመቶች ስለነበሩ አዘጋጁ ምን እንደሚወጣና ምን እንደማይወጣ በየቀኑ መመዘን ነበረበት። ለሕትመት የሚቀርብ ጽሑፍ ሁሉ በቅድመ ምርመራ (ሳንሱር) ያልፍ ነበር። የሳንሱር ክፍሉም የሚገኘው እዚያው ማስታወቂያ ሚኒስቴር ውስጥ ነው። በዓሉ በሁለቱም ቋንቋዎች ስለሚጽፍ በአማርኛ አንባቢና በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ እኩል የሚታወቅ አዘጋጅ ሆነ። የልቦለዶቹ አረፍተ ነገሮች አጫጭርና ፈጣን መሆናቸው ከዚህ የጋዜጣ ሥራ የመጣ እንደሆነ ብዙ ሐያሲዎች ይናገራሉ።

በአብዮቱ ዘመን

የካቲት 1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። ከቀድሞው መንግሥት ባለሥልጣናት ብዙዎቹ ሲታሰሩ ወይም ሲገደሉ በዓሉ ሥራውን ቀጠለ። በመጀመሪያ በኢትዮጵያ ዜና አገልግሎት በኃላፊነት ሠራ። ከዚያም በ1960ዎቹ መጨረሻ የማስታወቂያና መርሐ ብሔር ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ሆኖ ተሾመ። ቋሚ ተጠሪ ከሚኒስትሩ ቀጥሎ የመሥሪያ ቤቱን የዕለት ተዕለት ሥራ የሚመራ ባለሥልጣን ነው።

ይህ ሚኒስቴር ሬድዮንና ጋዜጦችን የሚመራ፣ የአብዮቱን ዓላማ ለሕዝብ የሚያስተምርና የሚታተሙ መጻሕፍትን የሚመረምር ነበር። ስለዚህ በዓሉ የመንግሥቱ ድምፅ ከሚዘጋጅበት ቤት ዋና ኃላፊዎች አንዱ ነበር። በዚሁ ዘመን ያወጣው «የቀይ ኮከብ ጥሪ» የተባለው ልቦለድ አብዮቱን ደግፎ የተጻፈ መሆኑ ይታወቃል። በመጽሐፉ የተነሣ በአንዳንድ አንባቢዎች ዘንድ የደርግ ደራሲ ተብሎ ተወቅሷል። የኋለኞቹን ሥራዎቹን ለመረዳት ይህን ጊዜ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ «ኦሮማይ»ን የጻፈው ሥርዓቱን ከውስጥ የሚያውቅና ለብዙ ዓመታት ያገለገለ ሰው ነውና።

ልቦለዶቹ

ከአድማስ ባሻገር (1962 ዓ.ም.)

የመጀመሪያ ልቦለዱ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ አበራ ወርቁ የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆን ልቡ ያለው በሥዕል ላይ ነው። ደመወዝ፣ ቢሮና የዘመድ ወዳጅ ምክር ወደ አንድ ወገን፣ የሥዕል ፍላጎቱ ወደ ሌላ ወገን ይጎትቱታል። ጓደኛው ኃይለ ማርያም እና ሉሊት የተባለችው ሴት በታሪኩ ውስጥ ትልቅ ቦታ አላቸው። መጽሐፉ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የነበሩትን የተማሩ ወጣቶች ኑሮ፣ መጠጥ ቤቱን፣ ፍቅሩንና የመንፈስ ባዶነቱን ያሳያል። በዚያው ዓመት የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ታትሟል። ሁለቱ መጻሕፍት ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) በኋላ የአማርኛ ልቦለድ ወደ ዘመናዊው ትውልድ ችግር ፊቱን ያዞረባቸው ተብለው ይጠቀሳሉ።

የኅሊና ደወል (1966 ዓ.ም.) እና ሐዲስ (1975 ዓ.ም.)

«የኅሊና ደወል» ሐዲስ ሳህሌ የተባለ ወጣት መምህር ከከተማ ወጥቶ በገጠር ትምህርት ቤት ለማቋቋም የሚያደርገውን ትግል ይተርካል። በዓሉ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ይህንኑ ታሪክ እንደገና ጽፎ «ሐዲስ» በሚል ርዕስ አሳተመው። አንድ ደራሲ የራሱን ታሪክ ከአብዮቱ በፊትና በኋላ ሁለት ጊዜ መጻፉ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ጥሩ የማነጻጸሪያ ዕድል ይሰጣል።

የቀይ ኮከብ ጥሪ (1972 ዓ.ም.)

በአብዮቱ የመጀመሪያ ዓመታት፣ የፖለቲካ ድርጅቶች እርስ በርስ ሲጋደሉ በነበረበት ወቅት የሚካሄድ ታሪክ ነው። ፍቅርና የፖለቲካ አቋም በአንድ ቤት ውስጥ ሲጋጩ ያሳያል።

ደራሲው (1972 ዓ.ም.)

ሲራክ ስለተባለ ደራሲ የሚተርክ ልቦለድ ነው። ሲራክ የተቀረጸው በበዓሉ ወዳጅ በደራሲ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር አምሳል እንደሆነ በሰፊው ይታመናል። መጽሐፉ ደራሲ ለመሆን የሚከፈለውን ዋጋ ያነሣል፤ ድህነትን፣ መጠጥን፣ የቤተሰብን ጉዳትና እውነትን ለመጻፍ የሚደረገውን ግብግብ በዝርዝር ያሳያል።

ኦሮማይ

ዘመቻው

ሻዕቢያ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በሣህል ተራሮች የምትገኘውን የናቅፋን ከተማ ከመንግሥት ጦር እጅ አውጥቶ ዋና ምሽጉ አደረጋት። ደርግ ይህንን ምሽግ ለመስበርና የኤርትራን ጦርነት በአንድ ጊዜ ለመጨረስ በጥር 1974 ዓ.ም. «ሁለገብ የቀይ ኮከብ አብዮታዊ ዘመቻ» የተባለውን እንቅስቃሴ ጀመረ። ሁለገብ የተባለው ከውጊያው ጎን ለጎን የመልሶ ግንባታና የፖለቲካ ቅስቀሳ ሥራም ስለነበረው ነው። ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ከፍተኛ ባለሥልጣናት አስመራ ከትመው ዘመቻውን መሩ። በዓሉም ወደ አስመራ ሄዶ በዘመቻው የፕሮፓጋንዳ ክፍል ውስጥ ሠራ።

ብዙ ወታደር አልቆ ዘመቻው ናቅፋን ሳይዝ ቀረ። በጊዜው የመንግሥት ሬድዮና ጋዜጦች ስለ ድልና ስለ ግንባታ ሥራ ይናገሩ ስለነበረ የዘመቻውን እውነተኛ ውጤት ሕዝቡ ከዜና ማወቅ አይችልም ነበር።

ታሪኩ

የልቦለዱ ዋና ገጸ ባሕርይ ፀጋዬ ኃይለ ማርያም የታወቀ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነው። እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ የዘመቻውን የፕሮፓጋንዳ ሥራ ለመምራት ወደ አስመራ ይሄዳል። እዚያ ፊያሜታ ጊላይ ከተባለች የአስመራ ሴት ጋር በፍቅር ይወድቃል። ከተማዋ የደርግ የደኅንነት ሰዎችና የሻዕቢያ ሰላዮች የሚፈላለጉባት ናት። ፍቅሩ፣ ስለላውና የባለሥልጣናቱ ሽኩቻ አንድ ላይ እየተጠላለፉ ታሪኩ ወደ ናቅፋ ግንባር ያመራል።

መጽሐፉ ፈጣን የስለላ ልቦለድ ቢሆንም የተነበበው እንደ ምስክርነት ነው። በአዲስ አበባ ያሉ አንባቢዎች አንዳንዶቹን ገጸ ባሕርያት ከማን ባለሥልጣን ወይም ከየትኛው ጄኔራል ጋር እንደሚመሳሰሉ ማመሳከር ጀመሩ። ከዚህም በላይ ልቦለዱ በሁለቱም ወገን የሚሞቱትን ወጣቶች በእኩል ሐዘን ያያል። በወቅቱ በይፋ ቋንቋ ሻዕቢያ «ወንበዴ» ብቻ ነበር። ጠላት የተባለውን ሰው ስም፣ ፍቅርና ምክንያት ያለው አድርጎ መጻፍ በራሱ ከመንግሥት መስመር መውጣት ነበር።

ርዕሱ

«ኦሮማይ» ከጣልያንኛ የመጣ ቃል ነው። ጣልያንኛው «ከእንግዲህ» ወይም «አሁንማ» የሚል ስሜት አለው። አስመራ በጣልያን ቅኝ ግዛት ሥር በቆየችባቸው ዓመታት ቃሉ በከተማዋ ሰዎች አፍ ገብቶ «በቃ፣ አበቃለት፣ ከንቱ ሆነ» የሚል ትርጉም ያዘ። በዓሉ ይህንን የአስመራ ቃል ለርዕስነት መምረጡ ስለ ዘመቻውም ስለ ጦርነቱም ያለውን ፍርድ በአንድ ቃል የሚገልጽ ሆኗል።

መታገዱ

«ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በመንግሥት ሥር በነበረው በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታተመ። የሳንሱር ክፍሉ በራሱ በበዓሉ መሥሪያ ቤት ነበር፤ አሳታሚውም የመንግሥት ነው። እንዲህም ሆኖ መጽሐፉ ለሽያጭ እንደቀረበ ወዲያው ከየመጻሕፍት መደብሩ እንዲሰበሰብ ተደረገ። በዓሉም ከቋሚ ተጠሪነቱ ተነሣ።

እገዳው የመጽሐፉን ዝና አላቆመውም። ቀድሞ የተሸጡት ቅጂዎች ከእጅ ወደ እጅ በድብቅ ይተላለፉ ጀመር። በመደብር ከነበረው ዋጋ በብዙ እጥፍ በስውር ይሸጥ ነበር፤ ለማንበብ ያህል የሚያከራዩም ነበሩ። መጽሐፉ በቤት ውስጥ መገኘቱ ስለሚያስፈራ ብዙ ሰው ሽፋኑን በጋዜጣ ለብጦ ያነብ እንደነበረ ይነገራል።

መሰወሩ

በዓሉ ከሥራ ከተባረረ በኋላ ለወራት ያለ ሥራ በአዲስ አበባ ኖረ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ አላየውም። መኪናው ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች። እሱ ግን አልነበረም። በዓሉ በዚያን ጊዜ 44 ዓመቱ ነበር። ባለቤትና ልጆች ነበሩት።

በወቅቱ አገሪቱ አብዮቱ የፈነዳበትን አሥረኛ ዓመት ለማክበር በዝግጅት ላይ ነበረች። በ1972 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሠርቶ አደሮች ፓርቲ አደራጅ ኮሚሽን (ኢሠፓአኮ) ሥራውን ጨርሶ በመስከረም 1977 ዓ.ም. ፓርቲው ሊመሠረት ወራት ቀርተው ነበር። የበዓሉ መሰወር በመገናኛ ብዙኃን አልተነገረም። የገዛ ባልደረቦቹ ይሠሩባቸው የነበሩት ጋዜጦችና ሬድዮ ስለ ቀድሞ አለቃቸው ዝም አሉ።

በ«ኦሮማይ» የተነሣ በደርግ የደኅንነት ሰዎች ተይዞ እንደተገደለ በሰፊው ይታመናል። አስከሬኑ አልተገኘም፤ መቃብርም የለውም። በዚህ ምክንያት በሕይወት ታሪኩ ላይ የሞት ቀን ሆኖ የሚጻፈው የተሰወረበት ቀን ነው።

የአጻጻፍ ስልቱ

የበዓሉ አማርኛ የከተማ አማርኛ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩ ብዙ ደራሲያን በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ ስለነበሩ ጽሑፋቸው ቅኔ፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ረጅም አረፍተ ነገር ይበዛበታል። በዓሉ ግን በዘመናዊ ትምህርት ቤትና በጋዜጣ ቤት ያደገ ነው። ልቦለዶቹ በንግግር የተሞሉ ናቸው። ገጸ ባሕርያቱ የሚነጋገሩት በቢሮ፣ በቡና ቤት፣ በመኪና ውስጥ ሲሆን አነጋገራቸውም አንባቢው በየቀኑ የሚሰማው ዓይነት ነው።

ሁለተኛው መለያው ገጸ ባሕርያቱን በአካባቢው ከሚያውቃቸው ሰዎች መቅረጹ ነው። «ደራሲው» ለስብሐት፣ «ሐዲስ» ለትውልድ መንደሩ፣ «ኦሮማይ» ለራሱ የሥራ ቦታ ቅርብ ናቸው። ይህ ዘዴ መጻሕፍቱን ሕያው ቢያደርጋቸውም አንባቢው ልቦለዱን እንደ ዜና እንዲያነበው ይገፋፋል። በ«ኦሮማይ» ላይ የደረሰውም ይኸው ነው።

ሦስተኛው መለያ የዋና ገጸ ባሕርያቱ ውስጣዊ ጥያቄ ነው። አበራ፣ ሐዲስ፣ ሲራክና ፀጋዬ ሁሉም የተማሩ ሰዎች ናቸው። ሁሉም እንጀራ በሚያበላቸው ሥራና ልባቸው እውነት ነው በሚለው ነገር መካከል ተይዘዋል። የስድስቱ መጻሕፍት ደራሲ ራሱ በተመሳሳይ ቦታ ላይ የቆመ ሰው መሆኑን ማስተዋል ሥራዎቹን በአንድ መስመር ለማንበብ ይረዳል።

ትሩፋት

ደርግ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ «ኦሮማይ» እንደገና ታትሞ በግልጽ ለገበያ ቀረበ። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም መጻሕፍቱ በተደጋጋሚ ታትመዋል። በዩኒቨርሲቲዎች የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍሎች የበዓሉ ልቦለዶች ለመመረቂያ ጽሑፎች በብዛት ከሚመረጡት መካከል ናቸው። ስለ ሕይወቱና ስለ ሥራዎቹ ደራሲ እንዳለጌታ ከበደ በአማርኛ ሰፊ መጽሐፍ ጽፏል። የኖርዌዩ ተመራማሪ ራይዱልፍ ሞልቬርም ስለ ኢትዮጵያ ደራሲያን በእንግሊዝኛ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አካትቶታል።

ቤተሰቡ በስሙ «በዓሉ ግርማ ፋውንዴሽን» የተባለ ድርጅት አቋቁሟል። «ኦሮማይ» በ2025 እ.ኤ.አ. በዴቪድ ደጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ ተተርጉሞ በእንግሊዝኛ ታትሟል። ይህም ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉመው በውጭ አገር አሳታሚዎች ከወጡ ጥቂት ልቦለዶች አንዱ ያደርገዋል።

መጽሐፉ የሚናገርለት ጦርነት ከበዓሉ መሰወር በኋላ ሰባት ዓመት ቀጠለ። የመንግሥት ጦር ናቅፋን መልሶ ሳይይዝ ደርግ ወደቀ፤ ኤርትራም በ1993 እ.ኤ.አ. ነፃ አገር ሆነች። በዘመቻው ጊዜ በጋዜጣ የወጡት የድል ዜናዎች ዛሬ የሚነበቡት በቤተ መዛግብት ነው። ስለዚያ ዘመቻ የአብዛኛው ኢትዮጵያዊ አንባቢ ዕውቀት የመጣው ግን ከተሰበሰበው ልቦለድ ነው።

የልቦለዶቹ ዝርዝር

– ከአድማስ ባሻገር፣ 1962 ዓ.ም.
– የኅሊና ደወል፣ 1966 ዓ.ም.
– የቀይ ኮከብ ጥሪ፣ 1972 ዓ.ም.
– ደራሲው፣ 1972 ዓ.ም.
– ሐዲስ፣ 1975 ዓ.ም.
– ኦሮማይ፣ 1975 ዓ.ም.